የቀለም ጭረት

«በይ ዶክተር፣ በሽተኛው ይተርፋል ወይስ ለቀስተኛ እንጥራ?» አለች ሽቦ።

ዶክተር በልብስ ሰፊው ሱቅ ወለል ላይ ተንበርክካ፣ ከጣሪያ የወረደውን የብስክሌት ፍሬም ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ እየወለወለች ነበር። የስንት ዓመት አቧራ ነው የተጋገረበት! ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ ጥቁር ቀይ ቀለም ብቅ ይላል፤ ብቅ ባለ ቁጥር ሽቦ እጇን አፏ ላይ ትጭናለች። ልብስ ሰፊው የስፌት መኪናውን አቁሞ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ሁለቱን ልጆች ያያቸዋል።

ዶክተር ይሏታል እንጂ ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። ስሙን ያወጣላት ሰፈሩ ነው። አባቷ ብስክሌት ጠጋኝ ስለሆነ ያደገችው በጎማና በካቴና መሃል ነው። የሰፈሩ ልጅ ብስክሌቱ ሲንቋቋበት አባቷን ትቶ እሷን ይጠይቃል። ጎንበስ ትላለች፣ ፔዳሉን አንዴ ታዞራለች፣ ጆሮዋን ጣል ታደርጋለች፣ ከዚያ «ኩሽኔታው ነው» ትላለች። ሲፈታ ኩሽኔታው ሆኖ ይገኛል። አባቷም ይህንን ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራ አይደክመውም፤ እሱ ከሌለ «ልጄን አሳያት፣ እሷ ካየችው እኔ አየሁት ማለት ነው» ይላል።

ሽቦ ደግሞ ሽቦ የተባለችው ስለቀጠነች ነው፤ ግን ሽቦ ቀጭን ነው ብለው ሊበጥሱት ቢሞክሩ እጅ ይቆርጣል። የብስክሌት ክለባቸው ልጆች ስትጋልብ ጀርባዋን እንጂ ፊቷን አይተውት አያውቁም። ከሁሉም ይበልጥ ያንን ጀርባ የምታውቀው ዶክተር ናት። ሁለተኛ የምትወጣው ሁልጊዜ እሷ ነበረቻ።

ፍሬሙ የመም ብስክሌት ፍሬም ነው። የመም ብስክሌት እንደ መንገዱ አይደለም፤ ካምቢዮ የለውም፣ ፍሬን የለውም፣ ፍሬን የሚታሰርበት ቀዳዳ እንኳ አልተበሳለትም። ፔዳሉና የኋላ ጎማው አንድ ላይ ተያይዘው ነው የሚዞሩት። ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርም አብሮ ይዞራል፤ ልረፍ ማለት ብሎ ነገር የለም። ማቆም የፈለገ በጭኑ ታግሎ ያቆማል። በሲሚንቶ በተሠራው የውድድር መም ላይ ከዚህ ሌላ ብስክሌት አይገባም። የክለቡ አሰልጣኝ ደግሞ ቁርጡን ነግሯቸዋል። «ጎማ፣ መሪ፣ ኮርቻ ከመጋዘን አውሳችኋለሁ። ፍሬም ግን የለኝም። ከሴቶቹ የራሷን ፍሬም ይዛ የመጣች አንዲት ልጅ ከትልልቆቹ ጋር ልምምድ ትጀምራለች።»

አንዲት ብሏል። ሽቦ የእረፍቱን ጊዜ ሙሉ የአክስቷን መንታ ልጆች ስትጠብቅ የከረመችው ለዚህ ነው። አንዱን አዝላ፣ ሌላውን አቅፋ፣ ጥርሷን ነክሳ። አሁን የልፋቷ ዋጋ በኪሷ አለ፤ የቀረው ፍሬሙ የሚገዛ መሆን አለመሆኑን ማወቅ ብቻ ነው። ለዚያ ደግሞ ዶክተርን የመሰለ ጓደኛ ካለ ምን ችግር አለ?

«ጋሼ፣ ክር ይኖርዎታል?» አለች ዶክተር።

ልብስ ሰፊው ሳቀ። «ክር አለህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም እስከ ዛሬ። የምን ቀለም ይሁንልሽ?»

«የፈለገው ይሁን። ሜትርዎንም ያውሱኝ።»

«ሜትሬን እንኳ ለሰው አላውስም ነበር። ለሐኪም ግን ምን ይደረጋል!» ብሎ ከአንገቱ አውልቆ ሰጣት።

ክሩን የኋላው ጎማ ከሚታሰርበት ከአንዱ ጫፍ አስነስታ፣ በመሪው ቧንቧ ፊት አዙራ፣ በሌላኛው ጫፍ አሰረችው። ከዚያ ከክሩ እስከ ኮርቻው ቧንቧ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለካች። ፍሬሙ አንድ ቀን ወድቆ ወይም ተጋጭቶ ቢሆን ኖሮ አንዱ ጎን ይሰፋ ነበር። እኩል ነው። ቀጥላ በመፍቻዋ ጀርባ ቧንቧዎቹን ነካ ነካ አደረገች። የተሰነጠቀ ቧንቧ ድምፁ ይታፈናል፤ እነዚህ ግን እንደ ብርጭቆ ጥርት አሉ። የቧንቧዎቹን መገጣጠሚያዎች በጣቷ ዳሰሰች። ዝገት የለም፣ እብጠት የለም። ሰውየው በወጣትነቱ እንደ ዓይኑ ብሌን ነው የያዘው።

«በዚህ ነው እኮ የሮጥኩት» አለ ልብስ ሰፊው። «ጉልበቴ እምቢ ሲል ሰቀልኩት፤ ከዚያ ወዲህ ከሥሩ ቁጭ ብዬ ሱሪ ሳሳጥር ይኸው ሸበትኩ። ብዙ ሰው ሽጥልን ብሎኛል፣ ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው። ለመስቀልማ እኔም ሰቅዬዋለሁ አልኳቸው። ለሚጋልብበት ነው የምሸጠው።»

«አገኙታ!» አለች ሽቦ፣ ደረቷን እየመታች። «ጎማ ቢኖረው አሁኑኑ ይዤው ነበር የምበረው። ደግሞ ሜካኒክም አለኝ፣ ይቺውልዎ። እኔ ስወዳደር እሷ ዳር ላይ መፍቻዋን ይዛ ትቆምልኛለች። አይደል ዶክተሬ? ቡድን ነን እኮ!»

ሽቦ ክፋት አታውቅም። ማቆላመጧ ነበር። ሰውየውም ወዶት ሳቀ፣ ዶክተርም ከንፈሯን ገለጥ አደረገች። ግን ቃሉ ገብቶ የሆነ ቦታ ላይ ተቀረቀረባት። ዳር ላይ። መፍቻ ይዛ። ትናንት ጠዋትም እኮ ከመንጋቱ ተነስታ፣ ዳገቱን ስትወጣ ሳንባዋ ሊፈነዳ ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ነው። ለካ ሽቦ ያንን ሁሉ ዞራ አይታው አታውቅም። ከፊት ያለ ሰው ምን ብሎ ይዞራል?

ፍሬሙን ገለበጠችው። ከሥር፣ ፔዳሉ የሚገባበት ክብ ቤት ከወራጁ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አየች። ልቧ ድንግጥ አለ። በጥፍሯ ጫር አደረገችው፤ የቀለም ቅርፊት ተነሳ። ከሥሩ ያለው ግራጫ ቀለም ሙሉ ነው፣ አንዲት ጭረት የለበትም። ከጊዜ ብዛት የላይኛው ቀለም ደርቆ ተሰነጣጥቋል እንጂ ብረቱ ምንም አልነካውም። እንዲህ ያለውን አባቷ ሱቅ በሳምንት ሁለቴ ታያለች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች ሽቦ። «ምን አገኘሽ?»

«ስንጥቅ» አለች ዶክተር።

ቃሉ ሳታስበው አመለጣት ማለት ይቀል ነበር። ግን ውሸት ይሆናል። አፏ ሲከፈት ምን ሊወጣ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ምላስ አጥንት የላትም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ወደፈለገችበት ትተጣጠፋለች።

«አትቀልጂ።»

«አልቀለድኩም። እዪው፣ እዚች ጋ። ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ክብደትሽ ሁሉ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ቁልቁለቱን በሙሉ ፍጥነት እየዞርሽ ሳለ ቢለቅብሽ…»

አልጨረሰችውም፤ መጨረስም አላስፈለጋትም። ሽቦ ጎንበስ ብላ መስመሯን አየች። ስታይ ቆይታ ፊቷ እንደ ተጨመቀ ጨርቅ ኩምትር አለ። ከዚያ፣ ይህንን ዶክተር አልጠበቀችውም፣ ዞር ብላ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

«አንቺ ባትኖሪ ሞቼልሽ ነበር እኮ» አለች፤ ድምፅዋ ተቆራረጠ።

ልብስ ሰፊው ከመቀመጫው ተነስቶ ነበር። ወደ ፍሬሙ ሳይጠጋ ተመልሶ ተቀመጠ። «እኔ ደግሞ ሳላውቅ ለልጅ ልሸጥ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ለልጅ!»

«ከላይ አይታይም እኮ ጋሼ» አለች ዶክተር ቶሎ ብላ።

«እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ። ያባትሽ ልጅ ነሽ።»

ሜትሩን መለሰችለት። ወደ ቤት ሲሄዱ ሽቦ አላወራችም። ዶክተር በልቧ ታሰላስል ነበር። ምን ጠፋ? ፍሬሙ ተመልሶ ጣሪያ ላይ ይሰቀላል፤ ያን ሁሉ ዓመት የተሰቀለ ነገር አንድ ዓመት ቢጨመርበት አይሞትም። በሚቀጥለው ዓመት እሷም ሽቦን ትደርስባታለች። ያኔ «እስቲ እንደገና ልየው» ትልና «ተሳስቼ ነበር» ትላለች። ማን ይጎዳል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሽቦ ዝም ብላ የቆየችው ያን ቀን ብቻ ነው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ስትደርስ ወሬውን ከዳር እስከ ዳር አዳረሰችው። «ዶክተር ባትኖር እኮ ዛሬ ለቅሶ ላይ ነበራችሁ! አስቡት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ናት፣ እሷ ግን ወዲያው አየቻት!» በእረፍት ሰዓት ልጆች ብስክሌታቸውን እየጎተቱ ወደ ዶክተር መጡ። «የኔንም እዪልኝ፣ እኔም መሞት አልፈልግም።» አንዱማ ከታናሽ እህቱ ባለሦስት እግር ብስክሌት ጋር መጣ። ሁሉም ሳቁ። ዶክተር አንድ በአንድ አየችላቸው፤ ምንም የለውም፣ ምንም የለውም እያለች። ሲያመሰግኗት መሬት መሬት ታያለች። «ደግሞ ትህትናዋ!» አለ አንዱ።

የሳምንቱ መጨረሻ ላይ አሰልጣኙ ያቺን አንዲት ቦታ ከሌላ ሰፈር ለመጣች ልጅ ሰጣት። አጎቷ ፍሬም ገዝቶላት ነበር። ልጅቱ ጎበዝ የምትባል አይደለችም፤ ሽቦ በአንድ እግሯ ትቀድማታለች። ልጅቱ በመሙ ላይ ስትዞር ሽቦ ከአጥሩ ውጭ ቆማ አየቻት፤ ጣቶቿን በአጥሩ ሽቦ ውስጥ አስገብታ።

«ለዘንድሮ አልተጻፈልኝም» አለች በኋላ። «መቼም ከመሞት ይሻላል። ብሩን ለእማዬ ሰጠኋት። እኔ ጋ ከተቀመጠ ጫማ ምናምን ገዝቼበት ውሃ ይበላዋል።»

ዶክተር ያሰበችው እንዲህ አልነበረም። የገረማት ደግሞ ሌላ ነው፤ ሽቦ መሙ ላይ ካልወጣች ደስ የሚላት መስሏት ነበር። ደስታው የታለ? እሷ እንደሆነች ያው ሁለተኛ ናት፤ አሁን ግን ከፊቷ የምታየው ጀርባ ጎብጧል። ማታ ስትገላበጥ ቆይታ ወሰነች። ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ልብስ ሰፊው ጋ ትሄዳለች። እንደገና ልየው ትለዋለች። ተሳስቼ ነበር ትላለች። አሰልጣኙም ሰው ነው፤ ሽቦ ፍሬም ይዛ ከመጣች አይመልሳትም። ማንም ሳይጎዳ ነገሩ ይስተካከላል። እውነቱን ሙሉ ለሙሉ መናገር ግን በዚያ ሐሳብ ውስጥ አልነበረም።

በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ያየችው ጣሪያውን ነው። መስቀያው ባዶ ነው።

«ጋሼ፣ ፍሬሙስ?»

ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና አለ። ፊቱ ፈካ ያለ ነበር፣ ሸክም የወረደለት ሰው ፊት። «ገላገልኩት! ጠዋት አባትሽ ጋ ወሰድኩት። ራስ ላይ ሰቅዬው መተኛት አልቻልኩም እኮ። አንድ ቀን እኔ ብሞት ወራሽ ነኝ ባይ አውርዶ፣ ቀለም ቀብቶ ለሰው ልጅ ይሸጠዋል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። አብሮኝ ይሮጥ የነበረ ጓደኛዬ ነው፤ በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ሸጡለት። መሙ ላይ ነው የቀረው።» ባዶውን መስቀያ ቀና ብሎ አየ። «ከዚያ ወዲህ የኛ ጊዜ ልጆች ደንብ አለን። የተሰነጠቀ ፍሬም ካገኘን አንሸጥም፣ አንጥልም። እንቆርጠዋለን።»

ዶክተር ደህና ይዋሉ ማለቷን አታስታውስም። እስከ አባቷ ሱቅ ድረስ ሮጠች።

አባቷ በሩ ላይ ባለችው ዝቅተኛ ወንበር ተቀምጧል። የብረት መጋዙ፣ ዕቃ በሚነክሰው ሞርሳ ላይ ተጋድሟል። ከሥሩ፣ በብረት ፍቅፋቂው መሃል፣ ጥቁር ቀይ ቧንቧዎች ወድቀዋል። የተቆረጡት ጫፎች ያብረቀርቃሉ። ቆጠራ ሳያስፈልጋት አየችው፤ ሁሉም ቧንቧ ተቆርጧል፣ አንድም የተረፈ የለም።

«መጣሽ?» አለ አባቷ። «አይተሽ ያዳንሽው ይኸውልሽ። ሰውየው ምርቃቱን ሲያወርድልሽ መስማት ነበረብሽ።»

ዶክተር ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

«ምን እንዳስገረመኝ ታውቂያለሽ?» አለ አባቷ፣ እጆቹን እያየ። «ከመቁረጤ በፊት ስንጥቁን ላየው ፈልጌ ነበር። ጠረግሁት። ፀሐይ ላይ አወጣሁት። ገለበጥኩት። ምንም የለም። የቀለም ጭረት ነው የሚታየኝ። አንኳኳሁት፣ ድምፁም ደህና ነው አለኝ ጆሮዬ። ሰውየው ፊት አፍሬ አልተናገርኩም። ልጄ ካየችው አለ ብዬ ቆረጥኩት።» ሳቅ አለ፤ ሳቁ ግን አላማረም። «እርጅና እንግዲህ ሲመጣ ደብዳቤ አይልክም።»

«አባዬ…»

«ፖስተኛውን መለስኩት። የፊት ጎማዬን መያዣ፣ ፎርኬታዬን እይልኝ ብሎ መጥቶ ነበር፤ ዳገት ቁልቁለት የሚሄድ ሰው ነው። ሌላ ጋ ውሰደው አልኩት። ያንን ስንጥቅ ያላየ ዓይን ምን ያያል? ሰው አላስገድልም።» ከጎኑ የተቀመጠውን ጎማ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። «የዚህንም ራጂ፣ እነዚህን ቀጫጭን ዘንጎች ካሁን በኋላ አንቺ ነሽ የምታጠብቂልኝ። እኔ ጎማ እጠግናለሁ። ለጎማ ዓይን አያስፈልግም፤ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን ማየት ነው።»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ከጎማው አጠገብ ተቀመጠች። አባቷ እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ መንገዱን ያያል። እነዚያ እጆች ሥራ ፈትተው አይታ አታውቅም፤ ሲበላ እንኳ በአንድ እጁ ብሎን ይዞ ነው። ራጂዎቹን ለማጥበቅ ሞክራ ተወችው። የአባቷ ዓይን ደህና ነው። ከእሷ ይበልጥ ደህና ነው። ያላየው፣ የሌለ ነገር ስለሆነ ነው።

«ዓይንህ ደህና ነው» አለች።

«አታባብዪኝ።»

«እያባበልኩህ አይደለም። ስንጥቅ የለም። አልነበረም።»

አባቷ ወደ እሷ ዞረ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከወለሉ አንዱን ቁራጭ አነሳ፤ ፔዳሉ የሚገባበትን ቤት የያዘውን። ብርሃን ላይ አዙሮ አዙሮ አየው። ፊቱ ላይ ተስፋ መጣ፤ ዓይኔ ደህና ነው የሚል ተስፋ ነበር መጀመሪያ። ቀጥሎ የቆረጠውን ነገር ምንነት ያወቀ ሰው ፊት ሆነ።

«ተሳስተሽ ነው፣ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ። «ቀለሙን ብረት ነው ብለሽ።»

አዎ ብትል እዚያው ያልቅ ነበር። መሳሳት ነውር አይደለም፤ አባቷ ራሱ በቀን ሦስቴ ይሳሳታል፣ እየሳቀ ነው የሚያወራው። ደግሞ የጠየቃት አዎ እንድትለው ነበር፤ ዓይኑ ይለምናታል። ልብስ ሰፊውም ያዝን ይሆናል እንጂ አይጠላትም። ሽቦም «ውይ አንቺ ጉደኛ!» ብላ ታቅፋት ይሆናል እንደገና። እቅፉ ትዝ ሲላት ነው አንገቷ የተቃጠለ የመሰላት።

«አይ አባዬ» አለች። «አልተሳሳትኩም። ቀለም እንደሆነ አውቄ ነው።»

መንገድ ላይ ብስክሌት አለፈ፤ ካቴናው ይንጫጫል። ሁለቱም ሰሙት። አባቷ ቢጮህባት ይሻላት ነበር። አልጮኸም። ቁራጩን ለረጅም ጊዜ በእጁ ይዞ ቆየና አጠገቧ አስቀመጠው።

«ይበየዳል?» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «አባዬ፣ ብትበይደው?»

«ስስ ቧንቧ ነው። ቢበየድ ዕቃ ይሸከም ይሆናል፤ ሰው ለመም አላስቀምጥበትም።» ተነስቶ መጋዙን ከሞርሳው አወረደና ወደ ውስጥ ገባ። ከውስጥ ሆኖ ነው የተናገረው። «ፖስተኛውን እኔ ሄጄ እፈልገዋለሁ። የቀረውን ግን እኔ ልነግርልሽ አልችልም።»

ቁራጩን ይዛ ወጣች። የሽቦ ቤት ከሁለት መታጠፊያ በኋላ ነው፤ በብስክሌት ሲሆን አይታወቅም፣ በእግሯ ግን ሩቅ ሆነባት። በመንገድ ላይ የምትለውን እያዘጋጀች ሄደች፤ እንዲህ ስላለሽኝ፣ እንዲያ ስለመሰለኝ፣ አንድ ዓመት ብቻ ይቆያል ብዬ። በሩን ስታንኳኳ ያዘጋጀችው ሁሉ ከጭንቅላቷ ጠፋ።

ሽቦ ከመንታዎቹ አንዱን ወገቧ ላይ አድርጋ ከፈተች። የክለቡን ማሊያ ለብሳለች፤ ሕፃኑ ትከሻዋ ላይ አቀርሽቶበታል።

«ውይ ዶክተሬ፣ ግቢ! አክስቴ ጥላብኝ ሄዳ ይኸው ስቃዬን አያለሁ። አንዱን ያዢልኝ በናትሽ።»

«እዚሁ ይሻለኛል።»

ሽቦ ቧንቧውን አየችው። «እንዴ! ቆረጣችሁት? እስቲ አምጪው፣ ሊገድለኝ የነበረውን ልየው።» ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ወገቧ አዛወረችና በነጻው እጇ ተቀበለቻት። ወደ ብርሃኑ አወጣችው። በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው፣ ገለበጠችው። ሕፃኑም እጁን ሰዶ ሊይዘው ሞከረ። «የቱ ጋ ነው? አላገኘሁትም።»

«የለም» አለች ዶክተር።

«ቆርጣችሁ ጣላችሁት?»

«አይደለም። መጀመሪያውንም አልነበረም። የቀለም ጭረት ነው። ፍሬሙ ደህና ነበር፣ አንድ ነገር አልነበረውም። እያወቅሁ ነው ስንጥቅ ያልኩሽ።»

ሽቦ ፈገግታዋ አልጠፋም ነበር፤ ቀልዱ እስኪያልቅ የምትጠብቅ ትመስላለች። ጠበቀች። ቀልዱ አላለቀም።

«ለምን?»

ያ ሁሉ የተዘጋጀ ምክንያት የት እንደገባ እንጃ። የቀረው አንድ ቃል ነው።

«ቀናሁ።»

«በማን?»

«ባንቺ።»

«በእኔ?» አለች ሽቦ። ያቀረሸ ሕፃን አቅፋ፣ በባዶ እግሯ በር ላይ እንደቆመች ወደ ራሷ ቁልቁል አየች፤ ሰው በዚህች ልጅ እንዴት ሊቀና እንደቻለ የሚያስረዳ ነገር የምትፈልግ ይመስል ነበር። ከዚያ እንደገና፣ አሁን ለመስማት በሚያስቸግር ድምፅ፣ «በእኔ?» አለች።

ዶክተር ይቅርታ አለች። ሦስቴ ሳትለው አልቀረችም። ሽቦ አልሰደበቻትም፣ አላለቀሰችም። ሕፃኑ ማልቀስ ሲጀምር እያወዛወዘችው ወደ ውስጥ ዞረች፤ ቧንቧውን አልመለሰችላትም። በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

ዶክተር በሩ ላይ ቆየች። ከውስጥ ሽቦ ሕፃኑን ስታባብል ይሰማል፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነው፣ ከዚያ መሃል ላይ ይቆረጣል፣ ከዚያ እንደገና ይቀጥላል። እንደገና ልታንኳኳ እጇን አነሳች። ብትከፍትላት ምን ልትላት ነው? ያለውን ሁሉ ብላዋለች፤ ከዚህ በኋላ የምትለው ለራሷ እንዲቀላት ብቻ ነው።

እጇን አወረደች። ልብስ ሰፊው አመሻሽ ላይ ሱቁን ይዘጋል፤ ከመዝጋቱ በፊት መድረስ ነበረባት።